በሄክስ ካርታ ላይ ዋሻ ምን ያያል፣ ማንስ ያየዋል? የእይታ መስመር ደንብ ከነስሌቱ

በሄክስ፣ ማለትም ባለ ስድስት ጎን ክፍሎች፣ በተከፋፈለ ካርታ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ኮረብታ፣ ጫካና ሕንፃ ላይ ተስማምተው ሲያበቁ ዋሻ ሲመጣ ይጨቃጨቃሉ። ጥያቄው የእይታ መስመር ነው፦ አንዱ ሌላውን ያያል ወይስ አያይም? መነሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ዋሻው ያለበት ሄክስ ከፍታው ደረጃ 3 የሆነ ኮረብታ ከሆነ፣ ዋሻው ውስጥ ያለውን ጓድም (ትንሽ የወታደር ቡድን) ደረጃ 3 ላይ እንደቆመ ቆጥረው መስመሩን ለማየት ክር ይወጥራሉ። ጓዱ ግን ያለው ኮረብታው ራስ ላይ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ነው። ከላይ የቆመ ሰው ዙሪያውን ያያል፤ ከውስጥ ያለው የሚያየው በአንድ መስኮት ነው፣ መስኮቱም ከኮረብታው ራስ ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ከዋሻ ለሚወጣና ወደ ዋሻ ለሚገባ ለማንኛውም መስመር ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ይጠየቃሉ፦ ኢላማው በአፉ አቅጣጫ ነው ወይ? አፉ ስንተኛ ደረጃ ላይ ነው? መሃል ላይ የሚጋርድ ነገር አለ ወይ? የመጀመሪያው መልስ «አይደለም» ከሆነ ክር ማውጣትም አያስፈልግም።

እዚህ የምንሰጠው ደንብ አንድ ሄክስ 40 ሜትር ገደማ፣ አንድ ጠጠር ደግሞ አንድ ጓድ ወይም አንድ መትረየስ ለሆነበት ታክቲካዊ ጨዋታ የተሰናዳ የቤት ደንብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን «አድቫንስድ ስኳድ ሊደር»ን የምትጫወቱ ከሆነ እሱ ለዋሻ የራሱ ደንብ ስላለው የእሱን ተከተሉ። ሌላ ጨዋታ ይዛችሁ የፓሲፊክ ደሴቶችን ጦርነት ለመጫወት የምትፈልጉ፣ ወይም የራሳችሁን ጨዋታ የምትሠሩ ግን ይህን እንዳለ መውሰድ ትችላላችሁ።

የሚያስፈልገው

ጥቁር የስፌት ክር፣ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል። ማስመሪያ አይሆንም፤ ጠርዙ ወፍራም ነው፣ ጠጠሮቹንም ይገፋል። የሹራብ ክርም አይሆንም፣ ማዕዘን ላይ ሲደርስ የትኛው ሄክስ ውስጥ እንዳለ አይለይም።

ከጠንካራ ካርቶን የተቆረጡ የዋሻ ጠጠሮች፣ ጎናቸው 15 ሚሊ ሜትር። በአንደኛው ፊት የጥያቄ ምልክት ብቻ፣ በሌላኛው ፊት ወደ አንድ ጥግ የሚያመለክት ቀስትና የመለያ ቁጥር ይኑር። ለአንድ መካከለኛ ካርታ 8 እውነተኛ ዋሻና 4 ባዶ ጠጠር ይበቃል። ባዶዎቹ አጥቂውን ለማሳሳት ናቸው። እነሱን መተው ጨዋታውን ግማሽ ጣዕም ያሳጣዋል።

ተከላካዩ የሚደብቀው አንድ ወረቀትም ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የዋሻው መለያ፣ የሄክሱ ቁጥር፣ የመሬቱ ደረጃ፣ የአፉ ደረጃና አፉ የዞረበት ማዕዘን ይጻፋል። ይህ ወረቀት ከሌለ አምስተኛው ዙር ላይ «እኔ ወደዚያ ነበር ያዞርኩት» የሚል ክርክር መነሳቱ አይቀርም።

ዋሻውን ማስቀመጥ

ሄክሶቹ ጠፍጣፋ ጎናቸው ከላይና ከታች የሆነ የተለመደ ካርታ እንውሰድ። ቁጥሮቹ አራት አሃዝ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓምዱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ረድፉን ያሳያሉ። ጥንድ ቁጥር ያላቸው ዓምዶች በግማሽ ሄክስ ወደ ታች ዝቅ ያሉ ናቸው። ስድስቱን ማዕዘኖች ከላይ በስተቀኝ ካለው ጀምራችሁ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ከ1 እስከ 6 ቁጠሩ። ስለዚህ ማዕዘን 2 በቀጥታ ወደ ቀኝ የሚያመለክተው ነው።

የዋሻ አፍ ሁልጊዜ ወደ ማዕዘን ይዞራል፣ ወደ ጎን አይዞርም። ይህን የመረጥነው አቆጣጠሩን ስለሚያቀልል ነው። ወደ ማዕዘን የዞረ አፍ ከፊቱ ሁለት ሄክሶች አሉት፤ እነዚህን «የፊት ሄክሶች» እንላቸዋለን። ሁለቱም ከዋሻው ሄክስ መሬት ዝቅ ማለት አለባቸው። አንዱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ከሆነ እዚያ ዋሻ አይቀመጥም፤ ተዳፋት በሌለበት የሚከፈት አፍ የለም።

የአፉ ደረጃ በሁለት ወሰኖች መካከል ይመረጣል። ከላይ፣ ከሄክሱ መሬት ቢያንስ በ1 ያንሳል። ከታች፣ ከሁለቱ የፊት ሄክሶች ከፍ ካለው አያንስም። ለምሳሌ የዋሻው መሬት 3፣ የፊት ሄክሶቹ 1 እና 0 ከሆኑ አፉ 1 ወይም 2 ላይ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ተከላካዮች ዝቅተኛውን ይመርጣሉ፤ ከዋሻው መውጣትና መግባት ይቀላቸዋልና። ዋጋው ግን ከባድ ነው። አፉ 1 ላይ፣ የፊት ሄክሱም ባዶ ደረጃ 1 ከሆነ፣ ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል ደረጃ 0 ላይ ያለ አንድም ሄክስ አይታይም። ከፊት ያለው እርከን ሸለቆውን በሙሉ ይጋርደዋል። ምክንያቱን ስሌቱ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ለጊዜው፦ መትረየስ ያለበትን ዋሻ አፍ ከፊት ሄክሶቹ ቢያንስ በአንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት።

የእይታ ክልሉ

ከዋሻው መሃል ነጥብ ተነስታችሁ በሁለቱ የፊት ሄክሶች መሃል ነጥብ በኩል ሁለት ቀጥታ መስመሮች ዘርጉ። በሁለቱ መስመሮች ላይና በመካከላቸው ያለው ሁሉ የእይታ ክልሉ ነው፤ ስፋቱ 60 ዲግሪ። መሃል ነጥቡ መስመሩ ላይ ያረፈ ሄክስ እንደ ውስጥ ይቆጠራል።

ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። በርቀት 1 ላይ 2 ሄክሶች፣ በርቀት 2 ላይ 3፣ በርቀት 3 ላይ 4፣ እንዲህ እያለ ሁልጊዜ ርቀቱ ሲደመር አንድ ነው። እስከ ርቀት 6 ድረስ በድምሩ 27 ሄክሶች ናቸው። ቆጥራችሁ 27 ካልመጣ ቀስቱን በስህተት አንብባችኋል።

ሄክስ 0805 ላይ ያለ፣ ወደ ማዕዘን 2 የዞረ ዋሻ እንውሰድ። የፊት ሄክሶቹ 0905 እና 0906 ናቸው። በርቀት 2 ላይ 1004፣ 1005 እና 1006። በርቀት 3 ላይ ከ1104 እስከ 1107። በርቀት 4 ላይ ከ1203 እስከ 1207። በርቀት 6 ላይ ከ1402 እስከ 1408። ከእነዚህ ውጭ ያለ ጓድ፣ ለምሳሌ በ0804 ከዋሻው ጎን ተጣብቆ የቆመው፣ ዋሻውን አያይም፤ ዋሻውም አያየውም። እዚያው 0805 ላይ፣ ከዋሻው ጣራ በላይ የቆመ ጓድም እንዲሁ። አንድ ሄክስ ውስጥ ሆነው የማይተያዩ ሁለት ጠላቶች መኖራቸው መጀመሪያ ላይ ግር ይላል፤ በፓሲፊክ ደሴቶች ግን ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነበር።

ክሩን መወጠር

ክሩ ከዋሻው ሄክስ መሃል ነጥብ እስከ ኢላማው ሄክስ መሃል ነጥብ ይወጠራል። አንዳንዶች ከአፉ ማዕዘን እንጀምር ይላሉ፤ ለዓይን ትክክል ይመስላል፣ ግን ርቀት አቆጣጠሩን ያዛባል። ሁለት ዋሻዎች ፊት ለፊት ሲሆኑም ክሩ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አዲስ ጥያቄ ያመጣል። ከመሃል ነጥብ አትውጡ።

የዋሻው የራሱ ሄክስ መልክዓ ምድር አይቆጠርም። ከላዩ ጫካ ቢኖር፣ ቋጥኝ ቢኖር፣ ለዋሻው እንደሌለ ነው። የኢላማው ሄክስም ግርዶሽ አይሆንም፤ ኢላማውን ከለላ ይሰጠው ይሆናል እንጂ መስመሩን አይዘጋም። የሚመረመሩት በሁለቱ መካከል ክሩ የነካቸው ሄክሶች ብቻ ናቸው። የፊት ሄክሶቹም ከእነዚህ ይቆጠራሉ፤ ይህን መርሳት የተለመደ ነው።

ካርታው ላይ ጫካው ወይም ሕንፃው በቅርጹ የተሳለ ከሆነ ክሩ ስዕሉን ካልነካ ግርዶሽ የለም። ካርታው ሄክሱን በሙሉ በቀለም የሞላ ከሆነ ግን ሄክሱን መንካቱ ይበቃል። የትኛውን እንደምትከተሉ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ተነጋገሩ።

ክሩ በጎን ላይ ሲሄድ

በሌሎች ደንቦች ይህ ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ዋሻ ላይ ግን ዋናው ነው። አፉ ወደ ማዕዘን ስለዞረ፣ የእይታ ክልሉ መሃል መስመር ከማዕዘኑ ወጥቶ በቀጥታ በሁለቱ የፊት ሄክሶች የጋራ ጎን ላይ ይጓዛል። ከዚያ የርቀት 2ን መካከለኛ ሄክስ መሃል ነጥብ ያቋርጣል፣ ከዚያ እንደገና በርቀት 3 በሁለት ሄክሶች የጋራ ጎን ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ዋሻው በትክክል ፊት ለፊቱ ያለን ኢላማ ሲያነጣጥር ሁልጊዜ ይህ ጥያቄ ይነሳል።

ደንቡ ይህ ነው፦ በጋራ ጎን ላይ የሚሄድ ክር የሚዘጋው ሁለቱም ሄክሶች ሲጋርዱት ብቻ ነው። አንዱ ብቻ ከጋረደ መስመሩ ክፍት ሆኖ አንድ አደብዛዥ፣ ማለትም በተኳሹ ዳይስ ላይ 1 የሚጨምር እንቅፋት፣ ይቆጠርበታል። «አንዱ ከጋረደ ተዘግቷል» የሚለው ተቃራኒ ደንብም ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ዋሻውን በትክክለኛው ፊቱ እያሳወረው በግራና በቀኝ እንዲያይ ያደርገዋል፣ ይህ ደግሞ ለዓይን የማይመስል ውጤት ነው።

ከፍታውን ማስላት

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ ደረስን። መስመሩ ከሁለቱ ጫፎች ከፍ ካለው ወደ ዝቅ ያለው እየወረደ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያለው ነገር ከዚያ ቁልቁለት በላይ ከሆነ ይጋርደዋል። በአስርዮሽ ነጥብ እንዳንቸገር ሁለት ብዜት ብቻ እናወዳድራለን፦

የክፍተት ብዜት = (የላይኛው ደረጃ − የግርዶሹ ራስ ደረጃ) × ጠቅላላ ርቀት

የቁልቁለት ብዜት = (የላይኛው ደረጃ − የታችኛው ደረጃ) × ከላይኛው እስከ ግርዶሹ ያለው ርቀት

ዋሻው የላይኛውም ይሁን የታችኛው፣ የሚገባው ቁጥር የአፉ ደረጃ ነው። የመሬቱ ደረጃ እዚህ ቦታ የለውም። የግርዶሹ ራስ ማለት ደግሞ የሄክሱ መሬት ሲደመር የላዩ ነገር ቁመት ነው፤ ጫካ 1፣ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ 1፣ ባለ ሁለት ፎቅ 2 እንበል።

መሬት ላይ የቆመ ነገር፣ ማለትም ጫካ ወይም ሕንፃ ከሆነ፣ መስመሩ የሚከፈተው የክፍተት ብዜቱ ከቁልቁለት ብዜቱ ሲበልጥ ብቻ ነው። እኩል ከሆኑ ተዘግቷል። ባዶ መሬት ከሆነ ግን እኩል ሲሆኑም ክፍት ነው፤ መሬቱ ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ከመሬቱ በላይ ነውና። ይህን ልዩነት ብትተዉት ሜዳ ላይ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ጓዶች ራሱ ሜዳው ጋርዷቸው የማይተያዩ ይሆናሉ።

በምሳሌ እንሂድ። ዋሻው 0805 ላይ ነው፤ መሬቱ 3፣ አፉ 2፣ ወደ ማዕዘን 2 የዞረ። 0905 ባዶ ደረጃ 1 ነው። የቀረው ሁሉ ደረጃ 0። 1105 እና 1106 ጫካ ናቸው። ኢላማው 1405 ላይ የቆመ ጓድ ነው፤ ርቀቱ 6።

መጀመሪያ ክልሉ፦ 1405 ከ1402 እስከ 1408 ባለው ውስጥ፣ በትክክል መሃል ላይ ነው። ክሩ በ0905 እና 0906 የጋራ ጎን፣ በ1005 መሃል፣ በ1105 እና 1106 የጋራ ጎን፣ በ1205 መሃል፣ በ1305 እና 1306 የጋራ ጎን አልፎ ይደርሳል።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ 0905 ነው። የክፍተት ብዜት (2 − 1) × 6 = 6፤ የቁልቁለት ብዜት (2 − 0) × 1 = 2። ክፍት ነው። ጎረቤቱ 0906 ዝቅተኛ ስለሆነ አያሳስብም። ቀጥሎ ጫካዎቹ፣ ራሳቸው ደረጃ 1፣ ከዋሻው በርቀት 3። የክፍተት ብዜት (2 − 1) × 6 = 6፤ የቁልቁለት ብዜት 2 × 3 = 6። እኩል ናቸው፣ ጫካ የቆመ ነገር ነው፣ በሁለቱም በኩል ደግሞ ጫካ ነው። ተዘግቷል።

አሁን ያንኑ ኢላማ ከኮረብታው ራስ፣ ከደረጃ 3 እንየው። የክፍተት ብዜት (3 − 1) × 6 = 12፤ የቁልቁለት ብዜት 3 × 3 = 9። ክፍት ነው። በአንድ ሄክስ ውስጥ ከላይ ያለው መትረየስ ይተኩሳል፣ ከውስጥ ያለው አይተኩስም። መሬቱን ከአፉ ጋር የሚያምታታ ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ጫካው 1106 ላይ ባይኖርና 1105 ላይ ብቻ ቢሆን፣ መስመሩ ክፍት ሆኖ አንድ አደብዛዥ ይኖረዋል። ጫካው በርቀት 3 ሳይሆን በርቀት 2፣ በ1005 ላይ ቢሆን ደግሞ 6 ከ4 ስለሚበልጥ ያለምንም እንቅፋት ያልፋል። በርቀት 4፣ በ1205 ላይ ቢሆን 6 ከ8 ስለሚያንስ ተዘግቷል። ከዚህ የሚወጣው ለአጥቂው ጠቃሚ ነው፦ ከከፍታ የሚተኩስን ለመሸሸግ ጫካው ለራሳችሁ መቅረብ አለበት፤ ለእሱ የቀረበ ጫካ አይጠቅማችሁም።

አሁን ያ የእርከን ጉዳይ። አፉ 1 ቢሆን፣ ኢላማው በ0905 በኩል ደረጃ 0 ላይ ቢሆን፣ የክፍተት ብዜቱ (1 − 1) ስለሆነ ርቀቱ ምንም ያህል ቢሆን ዜሮ ነው። የቁልቁለት ብዜቱ 1 ነው። ዜሮ ከ1 አይበልጥም፣ እኩልም አይሆንም። ለዘላለም ዝግ። አፉ 2 ሲሆን ግን በርቀት 2 ያለው 1004 እንኳ ይታያል፤ 2 ከ2 ጋር እኩል ነው፣ መሬቱም ባዶ ነው። እዚያው 0905 ላይ ጫካ ብናበቅልስ? ራሱ 2 ይሆናል፣ የክፍተት ብዜቱ ዜሮ ይሆናል፣ በዚያ ሄክስ መሃል የሚያልፍ ወደ ዝቅታ የሚሄድ መስመር ሁሉ ይሞታል። ካርታ የሚሠሩ ሰዎች ኮረብታውን ለማስዋብ በየተዳፋቱ ጫካ ሲረጩ ዋሻዎቻቸውን በገዛ እጃቸው ያሳውራሉ።

ዋሻው የታችኛው ሲሆን ስሌቱ አይለወጥም፤ ርቀቱን ከዋሻው ሳይሆን ከላይኛው መቁጠርን ግን አትርሱ። አፉ 1፣ ጠላት ደረጃ 3 ኮረብታ ላይ በርቀት 5፣ መሃል ላይ ራሱ 2 የሆነ ሕንፃ ከዋሻው 2 ሄክስ ርቆ ይኑር። ከጠላት ሲቆጠር 3 ሄክስ ነው። የክፍተት ብዜት (3 − 2) × 5 = 5፣ የቁልቁለት ብዜት (3 − 1) × 3 = 6። ተዘግቷል። ከዋሻው በኩል 2 ብላችሁ ብታስገቡ 4 ይመጣና ክፍት መስሎ ይታያችኋል።

የጣራው ወሰን

ዋሻ ጣራ አለው። ከአፉ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለ ጠላት በጣም ቀርቦ ከሆነ ወደ ውስጥ ማየት አይችልም። ደንቡ፦ የጠላት ደረጃ ከአፉ ደረጃ የሚበልጥበት ቁጥር ከርቀቱ ጋር እኩል ከሆነ ወይም ከበለጠ፣ መስመር የለም። አፉ 1፣ ጠላት 4፣ ልዩነቱ 3 ነው፤ በርቀት 3 ዝግ፣ በርቀት 4 ክፍት። ይህ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ዋሻውም ያንን ጠላት አያየውም። የፊት ሄክሶች ሁልጊዜ ከአፉ ዝቅ ያሉ ወይም እኩል ስለሆኑ ይህ ወሰን አይነካቸውም። አውሮፕላን ዋሻን በቀጥታ አያጠቃም፤ ነጥቡን ለማቅለል እንዲህ ብትወስኑ ማንም አይጎዳም።

ጭስና ሣር

አደብዛዥ ነገሮች፣ ማለትም ጭስ፣ ረጅም ሣርና ቁጥቋጦ፣ መስመሩን አይዘጉም። እያንዳንዱ በተኳሹ ዳይስ ላይ 1 ይጨምራል። ሦስት ሲሞሉ መስመሩ ይዘጋል። ራሳቸው ከመስመሩ በታች የሆኑት አይቆጠሩም፤ ያው ስሌት ይሠራባቸዋል። የጭስ ቁመት 2 ነው፣ ሣር ግን 0 ነው። ስለዚህ ሣር የሚያደበዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጫፎች በሣሩ ደረጃ ሲሆኑ ነው።

ጭስ የት ይወርዳል የሚለው ዋጋ ያለው ጥያቄ ነው። ዋሻው ሄክስ ላይ የወረደ ጭስ የኮረብታውን ራስ ይሸፍናል፣ አፉን ግን አይነካም። አፉን ማደብዘዝ የፈለገ አጥቂ ጭሱን በፊት ሄክስ ላይ ማውረድ አለበት። አንዱን ብቻ ከሸፈነ በሌላኛው በኩል የሚያልፉት መስመሮች ንጹህ ሆነው ይቀራሉ።

መስመር መኖርና መታየት አንድ አይደሉም

መስመር ካለ በሁለቱም በኩል አለ፤ ይህ አይሻርም። ነገር ግን አንድ ጓድ ዋሻ ውስጥ መኖሩ እስኪታወቅ ድረስ አጥቂው ሊተኩስበት አይችልም። ዋሻው የሚገለጠው በሦስት መንገድ ነው፦ ከውስጡ ሲተኮስ፣ የአጥቂ ጓድ ፊት ሄክስ ሲገባ፣ ወይም ክልሉ ውስጥ ያለ አጥቂ በርቀት 4 እና ከዚያ በታች ሆኖ ለፍለጋ አንድ ተራ ሲሰዋ። ተከላካዩ «መስመር አለኝ ወይ?» ብሎ ጮክ ብሎ መጠየቅ ዋሻውን ማጋለጥ ነው። ለዚህ ሲባል ጨዋታው ሳይጀመር ለእያንዳንዱ ዋሻ 27ቱን ሄክሶች በወረቀት ላይ «ክፍት»፣ «ዝግ»፣ «አደብዛዥ» ብሎ መሙላት ይሻላል። አንዱ ዋሻ አሥር ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ ጨዋታው መሃል ላይ ግን ክርና እርሳስ ማውጣት ይቀራል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓሲፊኳ የፔሌሊዩ ደሴት አንዳንድ የጃፓኖች ዋሻዎች የብረት መዝጊያ ነበራቸው፤ መድፉ ተኩሶ ይዘጋ ነበር። ይህን ማስገባት ቀላል ነው፦ መዝጊያው ዝግ ሲሆን በሁለቱም አቅጣጫ መስመር የለም፤ መክፈት ወይም መዝጋት የዋሻውን አንድ ተራ ይበላል። ሁሉም ዋሻ ላይ አታድርጉት፤ በካርታ አንድ ይበቃል።

ሁለት ዋሻ፣ አንድ መሿለኪያ

ሁለት ዋሻዎች የሚተያዩት እያንዳንዱ በሌላኛው ክልል ውስጥ ሲሆን ነው። ስሌቱ ላይ ሁለቱም በአፋቸው ደረጃ ይገባሉ። ለተከላካይ ግን ዋሻዎቹ እርስ በርስ መተያየታቸው ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚጠቅመው አንዱ የሌላውን የፊት ሄክሶች ማየቱ ነው። እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 1944 አሜሪካኖች ፔሌሊዩ ላይ ሲያርፉ የጃፓን አዛዥ የነበረው ኮሎኔል ኩኒዮ ናካጋዋ በኡሙርብሮጎል የኮራል ሸንተረሮች ውስጥ ያዘጋጀው ይህንን ነበር፤ አንዱን ዋሻ ለመዝጋት የቀረበ ሁሉ ከሌላው ይመታል። በጥቂት ቀናት ያልቃል የተባለው ውጊያ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቀጠለ። ካርታችሁ ላይ ዋሻ ስታስቀምጡ የአንዱን ሁለት የፊት ሄክሶች ከሌሎች ሁለት ዋሻዎች ክልል ውስጥ ለማስገባት ሞክሩ።

ሌላው አቀማመጥ ከኦኪናዋ ደሴት ውጊያ የተወሰደ ነው፦ አፉን ወደ ጠላት ሳይሆን ከሸንተረሩ ጀርባ፣ ወደ ራስ ወገን ማዞር። ከሩቅ የሚተኩስ ታንክና መድፍ ምንም መስመር አያገኝም። ጠላት ሸንተረሩን ተሻግሮ ሲወርድ ከጀርባው ይመታል።

መሿለኪያ መስመር አያስተላልፍም። ሦስት አፍ ያለው አንድ የዋሻ ግቢ ቢኖራችሁ፣ እያንዳንዱ ጓድ በዙሩ መጀመሪያ አንድ አፍ ላይ ይመደባል፣ ከዚያ አፍ ብቻ ያያል። ወደ ሌላ አፍ መዛወር አንድ ሙሉ ዙር ይፈጃል። በኢዎ ጂማ ደሴት የጃፓኑ ጄኔራል ታዳሚቺ ኩሪባያሺ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መሿለኪያ አስቆፍሮ ነበር፤ ባዶ የተባለ አፍ እንደገና መተኮስ የሚጀምረው በዚህ ነው። አንድ አፍ ከአንድ ጓድና ከአንድ ከባድ መሣሪያ በላይ አይይዝም።

አጥቂው በዚህ ምን ያደርጋል

ከክልሉ ውጭ መቅረብ። በምሳሌያችን 0904 እና 0907 ከክልሉ ውጭ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ ይህ ዋሻ አያያችሁም። የመጨረሻዋ እርምጃ ወደ 0905 ወይም 0906 ነች፣ የምትታየውም በእሷ ብቻ ነው። ጭሱ ቀድሞ እዚያ ይውረድ።

እሳት መትፊያና የፈንጂ ጥቅል የሚሠሩት ከፊት ሄክስ ነው። ከጣራው በላይ የቆመ ጓድ በመስመር አያጠቃም፤ ፈንጂ በገመድ ማውረድ ግን ይችላል፣ ዳይሱ ላይ 2 ቅጣት ተጨምሮበት። ሞርታር በተጠማዘዘ መንገድ ስለሚወርድ ዋሻውን አይጎዳም፤ ጣራ የሌለውን ቦታ እንጂ አፍ የሚመታ መሣሪያ አይደለም። ታንክ ግን በቀጥታ ስለሚተኩስ በክልሉ ውስጥ ቆሞ ከሩቅ ሊመታ ይችላል፤ ዋጋው እሱም መታየቱ ነው።

አፉ በፈንጂ ሲዘጋ የዋሻውን ጠጠር ገልብጡና ከዚያ ወዲያ በዚያ አፍ ምንም መስመር አትቁጠሩ። ውስጥ ያለው ጓድ ሌላ አፍ ካለው ወደዚያ ይዛወራል፤ ከሌለው ከጨዋታ ወጥቷል።

በኮምፒውተር ላይ በቫሰል (የሰሌዳ ጨዋታዎችን የሚያጫውት ፕሮግራም) የምትጫወቱ፣ ብዙዎቹ ሞጁሎች ክሩን ከመሃል ነጥብ እስከ መሃል ነጥብ ይስሉላችኋል፣ ርቀቱንም ይቆጥራሉ። ዋሻ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ክልሉን፣ የአፉን ደረጃና ሁለቱን ብዜቶች እናንተ ታሰላላችሁ፤ የተከላካዩን ወረቀት ደግሞ ጨዋታው ሳይጀመር ፎቶ አንስታችሁ በማኅደር ቆልፉና የይለፍ ቃሉን ጨዋታው ሲያልቅ ስጡ።